ከዓይን የተሰወረው ብርሃንና የሪሞት ታሪክ

ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ሪሞት አለ፤ ሪሞት ባለበት ቤት ሁሉ ደግሞ «ሪሞቱን ማን ወሰደው?» የሚል ጭቅጭቅ አለ። ትራስ ይነሣል፤ ምንጣፍ ይገለጣል፤ ታናሽ ወንድም ይከሰሳል። የዲሽ ሪሲቨር ባለቤትማ ሪሞቱ የተሰበረበት ዕለት፣ መሣሪያው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከሞተ አይሻለውም፤ አብዛኛው ሪሲቨር በፊቱ ላይ ካሉት ሁለት ወይም ሦስት ቁልፎች በቀር ሌላ የመታዘዣ መንገድ የለውምና። ከዚያም ከገበያ ሌላ ሪሞት ተገዝቶ ይመጣል። መልኩ ያው ነው፤ ድንጋዩ አዲስ ነው፤ ነገር ግን አይሠራም። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ሁለቱም የሚልኩት ብርሃን ከሆነ አንዱ ሠርቶ ሌላው ለምን ይቀራል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ከባድና ተገቢ ነው። የፊዚክስ መጽሐፍ ስለ ብርሃኑ ይነግረናል እንጂ ስለ ቋንቋው አይነግረንም። ቋንቋው የመጣው ከታሪክ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቴሌቪዥን ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው። ዊልያም ኸርሸል በጀርመን ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የኖረ፣ እንጀራውን በሙዚቃ ጀምሮ ኋላ ወደ ሥነ ፈለክ የገባ ሰው ነው። በ1781 ዩራነስ የተባለችውን ፈለክ በማግኘቱ ስሙ ታወቀ። በ1800 ፀሐይን በልዩ ልዩ ባለቀለም መስተዋት ሲመለከት አንዳንዱ መስተዋት ብርሃን እያሳነሰ ሙቀት ሲያሳልፍ፣ ሌላው ብርሃን እያሳለፈ ሙቀት ሲያሳንስ አስተዋለ። ይህን ለማጣራት የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ጫፉ የጠቆረ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ሙቀቱ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ እየጨመረ ሄደ። ከዚያም ቴርሞሜትሩን ከቀዩ አልፎ ምንም ቀለም በማይታይበት ጨለማ ስፍራ ላይ አኖረው፤ ሙቀቱ ጭራሽ ከፍ አለ። ዓይን የማያየው ብርሃን መኖሩ በዚህ ታወቀ። ዛሬ ታሕተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የምንለው ጨረር ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሙከራውን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ለሚያስቡ መምህራን አንድ ማሳሰቢያ ይጠቅማል። ከቀዩ ባሻገር ሙቀቱ የበለጠ የሚታየው የፀሐይ ኃይል በዚያ ስለሚበዛ አይደለም። ፕሪዝም በቀዩ በኩል ያለውን ብርሃን እምብዛም ስለማይበትነው ኃይሉ በጠባብ ስፍራ ይከማቻል፤ በሐምራዊው በኩል ግን እጅግ ስለሚበትነው ይሳሳል። ተማሪው ይህን ካልተረዳ ትክክለኛ ሙከራ ሠርቶ የተሳሳተ መደምደሚያ ይዞ ይወጣል።

ኸርሸል ይህን ጨረር እንደ ብርሃን የሚንጸባረቅና የሚሰበር መሆኑን አሳይቷል። መልእክት መላኪያ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው ግን በዚያን ዘመን አልነበረም።

ከሩቅ የማዘዝ ሐሳብ የመጣው በሌላ መንገድ፣ በሬዲዮ ሞገድ ነው። ኒኮላ ቴስላ በ1898 በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ ሲነዳ ለሕዝብ አሳየ፤ የፈጠራ መብቱንም በዚያው ዓመት አስመዘገበ። ስፔናዊው ሊዮናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ ደግሞ ቴሌኪኖ የተባለውን መሣሪያ በ1903 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ በ1906 በቢልባኦ ወደብ በንጉሡ ፊት ጀልባ አዘዘበት። በ1939 ፊልኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቤት ውስጥ ሬዲዮን ከሩቅ የሚያዝ፣ የስልክ መደወያ የመሰለ ሣጥን ለገበያ አወጣ። እነዚህ ሁሉ ብልኅ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን የሬዲዮ ሞገድ ግድግዳ አያግደውምና በቤት ውስጥ ሲታዘዙበት የጎረቤትም መሣሪያ አብሮ ሊታዘዝ ይችላል። ለአንድ ክፍል ብቻ የሚሆን፣ በግድግዳ የሚታገድ መልእክተኛ ያስፈልግ ነበር።

የብርሃን ሽጉጥና የአልሙኒየም ዘንግ

የዜኒት ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረው ዩጂን ማክዶናልድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አጥብቆ ይጠላ ነበር። መሐንዲሶቹን ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁን ከወንበር ሳይነሡ የሚያጠፉበት መላ እንዲፈልጉ አዘዛቸው። በ1950 «ሌዚ ቦንስ» የተባለው መቆጣጠሪያ ወጣ፤ ስሙ ሰነፍ አጥንቶች ማለት ነው። መሣሪያው ከቴሌቪዥኑ ጋር በረጅም ሽቦ የተያያዘ ነበርና ቻናል በሩቅ ለወጠ፤ ነገር ግን በሳሎኑ መካከል የተዘረጋው ሽቦ ሰው እያደናቀፈ አስቸገረ።

በ1955 በዚያው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዩጂን ፖሊ «ፍላሽማቲክ»ን ሠራ። ፖሊ በ1935 ወደ ኩባንያው የገባው በመጋዘን ሠራተኛነት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዘ ሰው አልነበረም። መሣሪያው ሽጉጥ የመሰለ የእጅ ባትሪ ነው። በቴሌቪዥኑ መስኮት አራት ማዕዘኖች ላይ ብርሃን የሚያስተውሉ አራት ሴሎች ተተክለዋል። ባለቤቱ ብርሃኑን ወደ አንዱ ማዕዘን ሲያነጣጥር ቻናሉ ወደፊት ይዞራል፤ ወደ ሌላው ሲያነጣጥር ወደኋላ ይዞራል፤ በቀሩት ሁለቱ ድምፁ ይጠፋል ወይም መሣሪያው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዓለም ያለ ሽቦ በብርሃን የሚታዘዝ ቴሌቪዥን ያየው በዚህ ነው።

ፍላሽማቲክ የወደቀበት ምክንያት ለትምህርት የሚሆን ስለሆነ እንቆይበት። ሴሎቹ የሚያውቁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ብርሃን መጣ ወይስ አልመጣም? ብርሃኑ ከማን እንደመጣ የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፀሐይ በመስኮት ገብታ በአንዱ ማዕዘን ላይ ስታርፍ ቻናሉ በራሱ ይዞር ጀመር። ባለቤቶቹም ማዕዘኖቹ የየትኛው ትእዛዝ እንደሆኑ ይረሱ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ላኪውን ከፀሐይ የሚለይ ምልክት ነበር።

ማክዶናልድ ሌላ መንገድ እንዲፈለግ ሲያዝ ሥራው ለሮበርት አድለር ደረሰው። አድለር በ1913 በቪየና ተወልዶ በ1937 በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። የሽያጭ ሠራተኞቹ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ በመቆጣጠሪያው ውስጥ የባትሪ ድንጋይ መኖር የለበትም። ድንጋዩ ሲያልቅ ገዢው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስለዋል ብለው ሰጉ። ይህ ስጋት ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የመሣሪያውን ሁሉ አሠራር የወሰነው እርሱ ነው። አድለር ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ፈለገ፤ ያገኘውም ድምፅን ነው። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ርዝመታቸው በጥቂቱ የሚለያይ አራት የአልሙኒየም ዘንጎች አሉ። ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ ዘንጉን ይመታዋል፤ ዘንጉም በሴኮንድ ወደ 40,000 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ ባለቤቱ ከመዶሻው ጠቅታ በቀር ምንም አይሰማም። ቴሌቪዥኑ ግን ማይክሮፎን አለውና አራቱን ድምፆች በየድግግሞሻቸው ይለያቸዋል። ይህ «ስፔስ ኮማንድ» የተባለው መሣሪያ በ1956 ለገበያ ወጣ። በቴሌቪዥኑ በኩል ስድስት ተጨማሪ ቫልቮች ስለጠየቀ ዋጋውን በሲሶ ገደማ አስወደደው፤ ትራንዚስተር ሲመጣ ግን ረከሰና የድምፅ መቆጣጠሪያ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ገበያውን ይዞ ቆየ።

ድምፅም ከስሕተት አልዳነም። የቁልፍ መንሿሿትና የሳንቲም መንኳኳት አንዳንድ ጊዜ ቻናል ይለውጥ ነበር።

በኋለኞቹ ዓመታት የሪሞት አባት ተብሎ ስሙ የገነነው አድለር ነው። ፖሊ በዚህ ቅር ሲሰኝ ኖረ። በ1997 የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥነ ጥበባትና ሳይንስ ብሔራዊ አካዳሚ ለሁለቱም በጋራ የኤሚ ሽልማት ሰጠ። አድለር በ2007፣ ፖሊ በ2012 አረፉ። በእኔ አስተያየት ክርክሩ የሚፈታው ዛሬ በእጃችን ያለውን ሪሞት በማየት ነው። የአድለር ዘንግ የለም። በሪሞቱ ጫፍ ላይ ያለው የፖሊ ብርሃን ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑ የሚርገበገበው እንደ አድለር ዘንግ በሴኮንድ ወደ 40,000 ጊዜ በሚጠጋ ድግግሞሽ ነው። ሁለቱም በውስጡ አሉ።

ብርሃኑ ተመልሶ መጣ

ለብርሃን መመለስ ሁለት ነገሮች ምክንያት ሆኑ። የመጀመሪያው መብራቱ ራሱ ነው። በ1961 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ጄምስ ቢያርድና ጋሪ ፒትማን ጋሊየም አርሴናይድ ከተባለ ቁስ የተሠራ ዳዮድ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ታሕተ ቀይ ጨረር እንደሚያመነጭ አገኙ። ይህ ብርሃን አመንጪ ዳዮድ ትንሽና ርካሽ ሊሆን የሚችል፣ በሴኮንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ሊበራና ሊጠፋ የሚችል ነው። የእጅ ባትሪ አምፖል ይህን ከቶ ሊያደርገው አይችልም፤ ክሩ እስኪሞቅና እስኪበርድ ጊዜ ይፈጃልና።

ሁለተኛው ምክንያት የትእዛዝ መብዛት ነው። በአራት ዘንግ የሚላከው አራት ትእዛዝ ነው። ቢቢሲ በ1974 «ሲፋክስ» የተባለውን በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ጽሑፍ የሚያሳይ አገልግሎት ሲጀምር ተመልካቹ የገጽ ቁጥር መምታት አስፈለገው። ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች ብቻ አሥር ቁልፍ ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ የድምፅ ድግግሞሽ መስጠት አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ ትእዛዙን በቁጥር፣ ማለትም በሁለትዮሽ አሠራር በ0 እና በ1 መላክ ተመረጠ። ለዚህም ፈጣኑ ዳዮድ ተስማሚ ሆነ።

የፀሐይ ችግርስ እንዴት ተፈታ? ፀሐይና የክር አምፖል የሚሰጡት ታሕተ ቀይ ጨረር የተረጋጋ ነው ማለት ይቻላል። የሪሞቱ ብርሃን ግን መልእክት በሚልክበት ጊዜ በሴኮንድ 36,000 ወይም 38,000 ወይም 40,000 ጊዜ እንዲርገበገብ ይደረጋል። ተቀባዩ ይህን ድግግሞሽ ብቻ የሚያሳልፍ ማጥለያ አለው፤ የማይርገበገበውን ሁሉ ይተወዋል። የ38,000ው ድግግሞሽ አመጣጥ የሬዲዮ ጥገና የሚያውቁ መምህራንን ሳያስደስት አይቀርም። በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት 455 ኪሎ ኸርዝ የሚያስተካክል ርካሽ የሴራሚክ ቁራጭ በገበያው ሞልቶ ነበር። 455ን ለ12 ብናካፍል 37.9 ይሆናል። ስለዚህ ብዙ የሪሞት ሠሪዎች አዲስ ነገር ሳይፈልጉ የሬዲዮውን ቁራጭ ወስደው ተጠቀሙበት።

ይህን በአገራችን ከምናውቀው ጋር ለማያያዝ፣ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የነበሩት መሣሪያዎች በእጅ የሚዞሩ ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ሲመጣ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ከነሪሞቱ መማሪያ ክፍል ገባ። ፕላዝማው በፊዚክስ ረገድ አስገራሚ ነገር አለው፤ በውስጡ ያለው ዜኖን ጋዝ ለዓይን ከሚታየው ሥዕል ጋር ታሕተ ቀይ ጨረርም ያመነጫል። የሪሞትን ሥራ እንዳያውክ ሠሪዎቹ በፊቱ መስተዋት ላይ ይህን ጨረር የሚያግድ ሽፋን ማኖር ግድ ሆነባቸው። ሪሞቱ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርግ ነበር እንጂ ትምህርቱን ማቆም አልቻለም፤ ሥርጭቱ ለሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ የሚመጣ ነበርና። በዚያን ጊዜ ያስተማረ ሁሉ ይህን ያስታውሳል።

ቋንቋዎቹ

እንግዲህ ወደ ተማሪው ጥያቄ ደርሰናል። ብርሃኑ አንድ ነው፤ በብርሃኑ የሚነገረው ቋንቋ ግን ብዙ ነው። ሠሪዎቹ ተቀምጠው በአንድ ቋንቋ አልተስማሙም። ፊሊፕስ የራሱን አወጣ፤ ሶኒ የራሱን፣ የጃፓኑ ኤንኢሲም የራሱን አወጣ። ኤንኢሲ ቁራጮቹን ለብዙ ፋብሪካዎች ስለሸጠ ቋንቋው በእስያ በተሠሩ ርካሽ መሣሪያዎች ውስጥ እጅግ ተስፋፋ። ዛሬ በየቤቱ ካሉት ሪሲቨሮች ብዙዎቹ ይህን ወይም የዚህን ዘመድ ይናገራሉ።

የኤንኢሲው አሠራር ለሒሳብ ክፍል ጥሩ ምሳሌ ነው። ሪሞቱ መጀመሪያ ለ9 ሚሊ ሴኮንድ ያበራል፤ ከዚያ ለ4.5 ሚሊ ሴኮንድ ይጨልማል። ይህ «ስማኝ» እንደማለት ነው። ቀጥሎ 32 ቢት ይላካል። እያንዳንዱ ቢት በአጭር ብልጭታ ይጀምራል፤ ልዩነቱ ከብልጭታው በኋላ ባለው ጨለማ ርዝመት ላይ ነው። 0 ከነጨለማው 1.125 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ 1 ደግሞ 2.25 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። ከ32ቱ የመጀመሪያዎቹ 8 ቢቶች የመሣሪያው አድራሻ ናቸው፤ የሚቀጥሉት 8 ያው አድራሻ ተገልብጦ፣ 0ው 1 ሆኖ 1ም 0 ሆኖ የተጻፈበት ነው። ከዚያ 8 ቢት ትእዛዝ፣ እንደገናም ያው ትእዛዝ ተገልብጦ ይመጣል። ስለዚህ የትኛውም ቁልፍ ቢጫን ከ32ቱ 16ቱ 0፣ 16ቱ 1 ናቸው። የሚፈጀው ጊዜም 16 በ1.125 እና 16 በ2.25 ተባዝቶ ሲደመር 54 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ መግቢያው 13.5 ሲጨመርበት 67.5 ይሆናል። መልእክቱ ምንም ቢሆን ርዝመቱ አይለወጥም። ተቀባዩም ቁጥሩን ከግልባጩ ጋር እያስተያየ አንድ ቢት ቢሳሳት ወዲያው ያውቃል። አድራሻና ግልባጩ የተጻፈበት ይህ ጥንቃቄ ግን ብዙ አልዘለቀም። በ8 ቢት የሚጻፉት አድራሻዎች 256 ብቻ ስለሆኑ አነሱ፤ ሠሪዎቹ የግልባጩን ስፍራ ወስደው ለአድራሻ ማስፊያ አደረጉት። አንዳንዶቹ የትእዛዙንም ግልባጭ ተዉት። ቋንቋው በዚህ ቀበልኛ አወጣ።

የፊሊፕሱ አርሲ-5 ሌላ ጠባይ አለው። በሴኮንድ 36,000 ጊዜ ይርገበገባል፤ መልእክቱ 14 ቢት ነው፤ ከእነዚህም 5ቱ አድራሻ፣ 6ቱ ትእዛዝ ናቸው። ከቀሩት መካከል አንዲት ልዩ ቢት አለች፤ ቁልፉ ተለቆ እንደገና በተጫነ ቁጥር ከ0 ወደ 1፣ ከ1 ወደ 0 ትለወጣለች። ጥቅሟ ይህ ነው፤ ተመልካቹ 1ን ሁለት ጊዜ ቢመታ ቻናል 11 እንዲመጣ፣ 1ን ይዞ ቢቆይ ግን 1 ብቻ እንዲሆን መሣሪያው ሁለቱን መለየት አለበት። ኤንኢሲ ይኸንኑ በሌላ ዘዴ ፈታው፤ ቁልፉ ተይዞ ከቆየ መልእክቱን ሁሉ ሳይደግም በየ110 ሚሊ ሴኮንዱ ገደማ «ያው ነው» የሚል አጭር ምልክት ይልካል። ልብ ማለት የሚገባው ነገር ግን በሁለቱም ቋንቋ «ቁልፉ ተለቀቀ» የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። መሣሪያው ይህን የሚያውቀው በዝምታ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስትና አራት ሪሞት መከማቸት ጀመረ። የአፕል መሥራች ከሆኑት አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ ኩባንያውን ትቶ ሲኤል ናይን የተባለ ድርጅት አቋቋመና በ1987 «ኮር» የተባለ ሪሞት አወጣ። ይህ ሪሞት ከሌሎች ሪሞቶች ፊት ለፊት ተቀምጦ ብልጭታቸውን እያዳመጠ የሚማር ነበር። ችግሩን ከላኪው በኩል የፈታ ሥራ ነው።

ድራይቨሩ ማንን ይሰማል?

ከተቀባዩ በኩል ያለው ታሪክ ከዚያ የተለየና ረዘም ያለ ነው። በቴሌቪዥንና በሪሲቨር ውስጥ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ከዓይኑ የሚመጣውን ምልክት የሚያነብለት ሶፍትዌር ያስፈልገዋል፤ ይህም ድራይቨር ይባላል። በድሮዎቹ መሣሪያዎች ድራይቨሩ አንድ ቋንቋ፣ አንድ አድራሻ፣ አንድ የቁልፍ ሠንጠረዥ ብቻ ተቀርጾበት ከፋብሪካ ይወጣ ነበር። በብዙ መሣሪያዎች እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው። ከገበያ የተገዛው ሪሞት የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብርሃኑ ደርሷል፤ ቋንቋውም ሊታወቅ ይችላል፤ አድራሻው ወይም ሠንጠረዡ ግን የተለየ ነው። ባለቤቱም ሠንጠረዡን የሚያርምበት መንገድ አልተሰጠውም።

ይህን በር የከፈቱት በሊኑክስ ዙሪያ የተሰባሰቡ ፕሮግራመሮች ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ሊርክ» የተባለ ሥራ ተጀመረ። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ድራይቨሩ የብልጭታውንና የጨለማውን ርዝመት ብቻ መዝግቦ ያስተላልፋል፤ ትርጉሙን ከሥርዓቱ እምብርት፣ ማለትም ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮግራም ከጽሑፍ ሰነድ እያነበበ ይሠራል። ማንም ሰው ሪሞቱን እየጫነ ሰነዱን ራሱ ሊያዘጋጅ ይችል ነበር። በዚሁ ጊዜ ቴሌቪዥን የሚያሳዩ የኮምፒውተር ካርዶች በዙ፤ እነርሱ ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሠንጠረዥ በየድራይቨሩ ውስጥ ይዘው ወደ ከርነሉ ገቡ። የአንዱ ካርድ «እሺ» ቁልፍ በሌላው ሌላ ትርጉም ነበረው። ሊርክ ለብዙ ዓመት ከከርነሉ ውጭ ቀረ።

በ2009 መጨረሻ ሊርክ ወደ ከርነሉ ይግባ ሲባል ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን ሪሞት እንደ ማንኛውም የቁልፍ ሰሌዳ ነው፤ ሲሰካ ወዲያው መሥራት አለበት፤ ስለዚህ ትርጉሙ በከርነሉ ውስጥ ይሁን አለ። ሌላው ወገን ደግሞ የሪሞት ቋንቋ ተቆጥሮ አያልቅም፤ በከርነሉ ውስጥ ከተቀረጸ ያልታወቁት ሁሉ ይዘጋባቸዋል አለ። በ2010 የወጡት የከርነል እትሞች ለሁለቱም ቦታ ሰጡ። የታወቁት ቋንቋዎች፣ ማለትም ኤንኢሲ፣ አርሲ-5፣ የሶኒና ጥቂት ሌሎች ተርጓሚዎች በከርነሉ ውስጥ ተቀመጡ፤ ጥሬው የብልጭታ ርዝመትም ለሚፈልገው ፕሮግራም ክፍት ሆኖ ቀረ። የቁልፍ ሠንጠረዡ ከድራይቨሩ ተለይቶ ባለቤቱ የሚለውጠው ነገር ሆነ። እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። ስለ ተርጓሚዎቹ ስፍራ የተደረገው ክርክር የባለሙያዎች ጉዳይ ነው፤ የሠንጠረዡ መለየት ግን ሪሞቱ የጠፋበትን ሰው ይነካል።

ይህን በትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሊሞክር የሚፈልግ መምህር በትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ሊያደርገው ይችላል፤ ከ2012 ጀምሮ ለገበያ የቀረበውን ራዝበሪ ፓይ የመሰሉት ለዚህ ተስማሚ ናቸው። ተቀባዩ ሦስት እግር ያለው ጥቁር ቁራጭ ነው። አንዱ እግር ኤሌክትሪክ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ወደ መሬት ይሄዳል፤ ሦስተኛው ምልክቱን ይሰጣል። የእግሮቹ ቅደም ተከተል ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ ከማገናኘት በፊት ወረቀቱን ማየት ያስፈልጋል። ቁራጩ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ዓይነት መሆን አለበት፤ የሰሌዳው እግሮች 5 ቮልት አይችሉምና።

ቀጥሎ ለከርነሉ የሚነገሩት ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ ምልክቱ በየትኛው እግር እንደሚገባ በመሣሪያው መግለጫ ሰነድ ውስጥ ይጻፋል። እዚሁ ላይ ምልክቱ የተገለበጠ መሆኑ መገለጽ አለበት፤ ቁራጩ ብርሃን ሲያይ ውጤቱን ወደ ዜሮ ያወርዳል እንጂ ከፍ አያደርግም። ይህ ካልተነገረ ድራይቨሩ ብልጭታውን ጨለማ፣ ጨለማውን ብልጭታ አድርጎ ይመዘግባል፤ ምንም የስሕተት መልእክት ሳይወጣ ተርጓሚዎቹ ሁሉ ዝም ይላሉ። ብዙ ተማሪ ሪሞቱን የሚጠራጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ የሚፈለገው ቋንቋ ተርጓሚ እንዲሠራ ይታዘዛል። በመጨረሻ የቁልፍ ሠንጠረዡ ይሰየማል።

ቁልፍ ሲጫን የሚሆነው እንዲህ ነው። የእግሩ ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር ድራይቨሩ ካለፈው ለውጥ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይመዘግባል። የርዝመቶቹ ዝርዝር ለእያንዳንዱ ተርጓሚ ይደርሳል። ኤንኢሲው 9 እና 4.5 ካላየ ዝርዝሩን ይተወዋል፤ ካየ ቢቶቹን ይቆጥራል፤ ግልባጩን ያመሳክራል። የተገኘው ቁጥር በሠንጠረዡ ይፈለግና «ድምፅ ጨምር» ወይም «ቻናል ለውጥ» ይሆናል። ቀጥሎ ድራይቨሩ ይጠብቃል፤ ለሩብ ሴኮንድ ገደማ ሌላ ምልክት ካልመጣ ቁልፉ ተለቀቀ ብሎ ይወስናል። ይህ ጊዜ እጅግ ቢያጥር አንድ ምልክት በሰው ጥላ ቢታገድ ቁልፉ ሁለት ጊዜ የተመታ ይመስላል፤ እጅግ ቢረዝም ደግሞ ጣት ከተነሣ በኋላ ድምፁ መጨመሩን ይቀጥላል።

ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለማንኛውም እንግዳ ቋንቋ ትንሽ ተርጓሚ ጽፎ ከርነሉን ሳይለውጡ ወደ ውስጡ መጫን ተችሏል፤ በ2009 የተከራከሩት ሁለት ወገኖች የፈለጉት ሁሉ በአንድ ላይ ማለት ነው።

ለሙከራው መነሻ የሚሆን ቀላል ነገር አለ። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ሞባይል ካሜራ አዙሮ ቁልፍ መጫን ነው። የሪሞቱ ብርሃን የሞገድ ርዝመት በብዛት 940 ናኖ ሜትር ነው፤ ዓይን አያየውም፤ ብዙ ካሜራዎች ግን ሐምራዊ ነጭ ብልጭታ አድርገው ያሳዩታል። የኋላው ካሜራ ማጥለያ ኖሮት ካላሳየ የፊቱን መሞከር ነው። ብልጭታው ከታየ ሪሞቱ ይናገራል፤ ሪሞቱና ድንጋዩ ከጥርጣሬ ነጻ ናቸው። ከዚያ በሰሌዳው ላይ የሙከራ ፕሮግራሙን ከፍቶ ከአሮጌው ሪሞት አንድ ቁልፍ፣ ከአዲሱም ያንኑ ቁልፍ መጫንና የሚወጡትን ሁለት ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ነው። አድራሻው ነው የተለየው ወይስ ትእዛዙ? የጠየቀው ተማሪ ራሱ ያንብበው።